የጫካውን ምግብ በረሃብ መዝገብ አትጻፉብን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር ጋዜጣችሁ ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምግብ ሁኔታ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በጫካ ውስጥና በጫካ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የዱር ሥራ ሥርና ቅጠል እየለቀመ መብላቱን የችግሩ መጠን ማሳያ አድርጎ አቅርቦታል። ጸሐፊው ለሕዝቡ አዝኖ እንደጻፈ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እኔ በሸካ ዞን በአንድራቻ ወረዳ፣ የክረምት መኪና ከሚቆምበት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ባለ ቀበሌ በመምህርነት ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ከጫካው ትኩስ ሆኖ የመጣልኝን ምግብ በደስታና በምስጋና ስበላ ስለኖርኩ፣ ያ ምግብ በረሃብ ስም ሲጠራ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ነገሩን ካየሁት ልጀምር። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር የቤተሰብ መጠይቅ የሚያስሞላ አንድ ወጣት ወደ ቀበሌያችን መጣ። የአካባቢውን ቋንቋ ስለማያውቅ እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝና ጎረቤቴ ወደሆኑት እናት ቤት አብረን ገባን። እኚህ እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አምስት ልጆች ያሳደጉ፣ ከቤታቸው ጓሮ የእንሰት ማሳ፣ ከማሳው ጀርባ ደግሞ የቡና ጫካ ያላቸው ናቸው። ወጣቱ በታብሌቱ ላይ የተጻፈውን እያነበበ፣ ባለፉት 30 ቀናት ከጫካ የተለቀመ ምግብ በቤቱ ተበልቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሴትዮዋ ጥያቄው ደስ አላቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩለት፤ ማር፣ እንጉዳይ፣ የዱር ቦዬ የሚባለው ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥር፣ ሁለት ዓይነት ቅጠል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚለቅሙት እንጆሪ። አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ማሩን ሳትቀምስማ አትሄድም» ብለው፣ የበኩር ልጃቸው ከሁለት ቀን በፊት ከዛፍ ያወረደውን ነጭ ማር ከነሰፈፉ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርገው፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር አቀረቡልን። ወጣቱ በላ፤ አመሰገነ፤ ደግመውም ሲሰጡት አልከለከላቸውም።

ወደ ቤቴ ስንመለስ እነዚያ «አዎ» ተብለው የተሞሉ መልሶች ምን ማለት እንደሆኑ ጠየቅሁት። በትሕትና አስረዳኝ። የዱር ምግብ መልቀም በመጠይቁ ውስጥ የተመደበው ለዘር የተቀመጠ እህል ከመብላት፣ ምግብ ከመበደርና የምግብ ቁጥር ከመቀነስ ጋር ነው፤ ቤተሰቡ ችግርን ለመቋቋም የሚወስደው እርምጃ ተብሎ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲበዛ ቤተሰቡ በምግብ እጦት ውስጥ ነው ይባላል። ያቺ እናት በዚያ ቀን ለእንግዳ ካቀረቡት ማዕድ የተነሣ የተራቡ ተብለው ተመዘገቡ። ወጣቱ መጠይቁን አላዘጋጀውም፤ ትእዛዙን ነው የፈጸመው፤ ስለዚህ በእርሱ አልፈርድም። ዳሩ ግን የእርሱ መዝገብ ከመቶ ሌሎች መዝገቦች ጋር ተደምሮ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ ዜና ይሆናል፣ ዜናውን ደግሞ በጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩት።

የጸሐፊውን ስሜት የማውቀው እኔም ከዚያው ስሜት ስለመጣሁ ነው። የተወለድኩት በወሎ፣ ከደሴ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰብንን ወላጆቼ ሲናገሩ ሰምቼ አድጌአለሁ። እናቴ በዚያ ዓመት ሳማ ቀቅላ ልጆቿን እንዳበላች ትናገር ነበር፤ እህል ከገባ በኋላ ግን ሳማ በቤታችን ዳግመኛ አልተቀቀለም፣ ስሙም ሲነሳ ፊቷ ይጠቁር ነበር። በእኛ አገር ሰው ያልዘራውን ለቅሞ መብላት የመጨረሻው መጨረሻ ነው። እንጉዳይንማ «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን እየረገጥን ስናልፍ ነው ያደግነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቶቼ ከጫካ ያመጡትን ሲሰጡኝ እየተቀበልኩ፣ እነርሱ ሳያዩ ለመጣል የሞከርኩባቸው ቀናት ነበሩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ረሃብ ያስበላው ቅጠልና ሰው ወዶ፣ ወቅቱን ጠብቆ፣ አጣፍጦ የሚበላው ቅጠል አንድ ስም ሊሰጣቸው እንደማይገባ የተማርኩት እዚህ ነው።

የሸካ ጫካ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ይህ በአገራችን የቀረው እርጥብ የደጋና የወይና ደጋ ደን አካል ነው፤ ከከፋ፣ ከቤንች፣ ከኢሉባቦርና ከማጃንግ ደኖች ጋር የተያያዘ ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በዓመት ውስጥ ያለ ዝናብ የሚያልፉት ወራት በጣም ጥቂት ናቸው። በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ ከ238 ሺሕ ሄክታር በላይ ነው። የከፋና የያዩ ደኖች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ተመዝግበው ነበር፤ ማጃንግ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተከተለ። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና መነሻው ይኸው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ቡና የጫካ ፍሬ ነው፤ ዛሬም በእኛ ቀበሌ ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፣ ይለቀማል፣ ይሸጣል። ማንም ግን ቡና የሚለቅመውን ሰው ተርቧል አይልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ማሩን ማንሳት ይገባኛል፤ የአካባቢው ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በማር ነውና። በጥርና በየካቲት የግራዋ አበባ ማር አለ፤ ጠቆር ያለና በስተመጨረሻ መረር የሚል ነው፤ ሽማግሌዎች ከሁሉ ይልቅ ይህን ይወዱታል። የጌተም ማር የሚደርሰው በግንቦትና በሰኔ ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰዳል፤ ኋላም ራሱን የቻለ ግዙፍ ዛፍ ይሆናል። ከአበባው የሚሠራው ማር ነጭ ነው፤ ሲረጋ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። በዞናችን ከተማ በማሻ ስም የማሻ ነጭ ማር እየተባለ በአዲስ አበባ የሚሸጠው ይኸው ነው። ከተማ ሲደርስ ግን የዛፉ ጭስና የሰፈፉ ለጋነት አብሮት አይደርስም።

አንድ ሌሊት ከማር ቆራጮች ጋር ሄጄ ነበር። ቀፎው ከግንድ የተፈለፈለ፣ በሁለት ተከፍሎ እንደገና በሐረግ የታሰረ ነው፤ የተሰቀለው ከመሬት ሠላሳ ክንድ በሚሆን ከፍታ ላይ ነበር። የሚወጣው ልጅ ከጫካው የተቆረጠ ወፍራም ሐረግ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አዞረ፤ ሐረጉን ወደ ላይ እየወረወረ፣ በእግሩ ጣቶች ግንዱን እየረገጠ በጨለማ ወጣ። በጀርባው የሚጨስ የእርጥብ የዛፍ ሽበትና የቅርፊት እሽግ ነበረው። ከታች ሆነን የምናየው የፍሙን ነጥብ ብቻ ነው። አባቱ ከሥር ቆመው በዝግታ ያናግሩት ነበር፤ ቃላቸው ሁሉ ስለ ቅርንጫፉ ነው፤ የቱ እንደደረቀ፣ የቱ እንደሚሸከም ያውቃሉ፤ ያንኑ ዛፍ እርሳቸውም በልጅነታቸው ወጥተውታል። ቅርጫቱ በገመድ ሲወርድ ሙቀቱ ገና ነበረው። ልጁ ሰፈፉን ሁሉ አልቆረጠም፤ ለንቦቹ የተወውን አባቱ ከታች ሆነው ጠይቀው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ማንኛችንም እጃችንን ወደ ማሩ የሰደድነው። በዚያ ሌሊት የበላሁትን ማር ጣዕም በቃላት ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ የአበባው ሽታ ገና አልለቀቀውም ማለት ይቀርበዋል።

እንጉዳይ በዝናብ ጊዜ ይመጣል፤ ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው። ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣው ነጭ ጃንጥላ መሰሉ አለ፤ በወደቀ ወይም ባረጀ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ የሚያድገው ቢጫው አለ። ሴቶቹ ማለዳ ለቅመው ያመጡታል፤ በቢላዋ አይቆርጡትም፣ በእጅ እየቀደዱ፣ በጨውና በቅቤ አሽተው፣ ከላዩ ጥቂት ኮረሪማ ነስንሰው በእንሰት ቅጠል ይጠቀልሉትና በረመጥ ውስጥ ያዳፍኑታል። ቅጠሉ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ቤቱን ይሞላዋል። ሥጋ በልቼ የማልረካውን ያህል የምረካበት ምግብ ነው። የማያውቁትን እንጉዳይ መብላት ግን ሕይወት ያጠፋል፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ጎረቤቴ የሆኑት እናት ለልጆቻቸው እያንዳንዱን ዓይነት በስሙ፣ በሚበቅልበት ግንድ፣ በሽታውና ሲቀደድ በሚያሳየው ቀለም ያስተምራሉ፤ ልጅ ብቻውን የለቀመውን እርሳቸው ሳያዩት ድስት ውስጥ አይገባም። የዱር ቦዬም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በሚገባ ካልተዘጋጀ ይጎዳል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ከወላጆቻቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት በትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት የተማርኩ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ከእኚህ እናት ፊት ገና ጀማሪ ተማሪ ነኝ።

ኮረሪማንና ጥምዝን በተመለከተ ለሰሜን አንባቢዎች የምነግረው አለኝ። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮረሪማ የሌለበትን አንጥራ አታውቅም፤ በርበሬዋም ያለ ጥምዝ አይደለዝም ነበር። ሁለቱንም ከገበያ ትገዛለች፤ ከየት እንደመጡ ግን ጠይቀንም አናውቅም። ከዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ኮረሪማ በጫካው ጥላ ሥር፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ተክል መሆኑንና ቀይ ፍሬው ከመሬት ጥግ እንደሚወጣ ያየሁት። ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ሲከፈት ዘሩን የሸፈነው ነጭ ለምለም ነገር ጣፋጭና ኮምጣጣ ነው፤ ተማሪዎቼ በመስከረምና በጥቅምት እየመጠጡት ክፍል ይገባሉ፣ ክፍሉም በሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ጥምዝ ደግሞ ወራጅ ውኃ ባለበት ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ ከምድጃ በላይ በጭስ ይደርቃል፤ በርበሬያችን ላይ የምናውቀው ያ የጭስ መዓዛ የሚመጣው ከዚያ ነው። በመጀመሪያው የእረፍት ጊዜ ለእናቴ ራሴ የለቀምኩትን ኮረሪማና ጥምዝ ይዤላት ሄድኩ። አሸተተችው፤ ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያም «ይህስ የምግብ እናት ነው» አለች። እንግዲህ በወሎ፣ በጎንደርና በሸዋ በዓል ያለ እርሱ የማይደምቀው ቅመም የጫካ ለቀማ ውጤት ከሆነ፣ ለቃሚው በራሱ ቤት ሲበላው የሚጠራበት ስም ሊቀየር አይገባም ነበር።

ስለ ፍራፍሬው በአጭሩ አልፋለሁ፤ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛና እንጆሪ በየወቅታቸው አሉ፣ ከሰው እኩል ጦጣና ወፍም ይካፈላቸዋል። ስለ ጨሞ ግን ሁለት ቃል መናገር እፈልጋለሁ። ጨሞ የሚፈላው ከቡና ቅጠል ነው፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ቃሪያና ጨው ይገባበታል፤ በጠዋቱ ጉም ውስጥ ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው ሁለት ሲኒ ከጠጣ እስከ ቀትር ይበቃዋል። ቡናው ለገበያ ሲሄድ ቅጠሉ ለቤት ይቀራል።

ክቡር አዘጋጅ፣ እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ጫካው ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነ ጓዳ ሊመስለው ይችላል። እንደዚያ አይደለም። በሸካና በከፋ «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት አለ። ኮቦ ማለት አንድ ቤተሰብ ወይም ጎሣ ቀፎ የሚሰቅልበትና የሚጠብቀው የደን ክልል ነው። ድንበሩ በወንዝ፣ በሸንተረርና በታወቁ ዛፎች ይለያል። ባለ ኮቦው ሳይፈቅድ ሌላ ሰው በዚያ ክልል ቀፎ አይሰቅልም፤ ባለ ኮቦው ራሱም ቀፎ የሚሸከመውን ዛፍ ቢቆርጥ በአባቶቹ ፊት ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ በእምነት ምክንያት የማይነኩ ደኖች አሉ፤ በእነዚያ ውስጥ እንኳን ዛፍ መቁረጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገርም ነውር ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ ሰው በሥርዓት ስለበላበት ነው።

ይህ ሥርዓት ግን በወረቀት ላይ የለም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ንብረት ሲሆን ኮቦ በሕግ ፊት ስም አጣ፤ በሰዎች መካከል ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ መሬት የሚያከፋፍል ሁሉ ይህን ጫካ ያየው ባዶ ቦታ አድርጎ ነው። ለሰፋፊ የሻይና የቡና እርሻ ብዙ ደን ተመንጥሯል። በዚህ የማንንም ስም ለማንሳት አልፈልግም፤ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ከእኛ ቀበሌ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ተማሪዬ የነበረ ልጅ የአያቱ ኮቦ የነበረበትን ቦታ አሳይቶኛል። ዛሬ እኩል የተከረከመ ቁጥቋጦ በረድፍ ቆሞበታል፤ ያማረ አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው ያደንቀዋል። በዚያ ውስጥ ጌተም የለም፣ ኮረሪማ የለም፣ እንጉዳይ የሚያወጣ ያረጀ ግንድ የለም። ልጁ ቆሞ የዛፎቹን ስም በየቦታቸው ሲጠራ ሰማሁት፤ እያንዳንዱ የት እንደነበረ ያስታውሳል። ካሳ ሲታሰብ የተቆጠረው ቡናና ጎጆ ነበር፤ ማሩ፣ ቅመሙ፣ ቅጠሉና ሥራ ሥሩ የማንም ንብረት አይደሉም ተብሎ ታለፈ።

የጋዜጣው ቃል ለምን እንዳሳሰበኝ በዚህ የሚገባችሁ ይመስለኛል። አንድ ምግብ የረሃብ ምግብ ነው ከተባለ፣ የሚገኝበት ደን ቢጠፋ ማንም አያዝንም፤ እንዲያውም ሕዝቡን ከለቀማ አውጥተን ለደመወዝ አበቃነው ይባላል። ጫካው ጥቅም አይሰጥም ብሎ ለማሳመን የሚቀድመው ሥራ በውስጡ የሚበላውን ማጣጣል ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢው ማኅበረሰብ በሀብቱ እንደ ልማዱ የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ ይህን ካለ፣ መጠይቁና ጋዜጣው ያንኑ ልማድ የድህነት ምልክት አድርገው መመዝገባቸው አግባብ አይደለም።

ጉዳቱ ወደ ልጆቹም ደርሷል። ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ስለ ተመጣጠነ ምግብ የሚያስተምር ትልቅ ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ብርቱካን፣ ፖም፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ወተት ተስለውበታል። ተማሪዎቼ ከስድስቱ መካከል ፖም የቀመሰ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅኳቸው፤ ከአርባ ሰባቱ ሁለት እጅ ወጣ። በዚያው ሳምንት ምሳውን በቅጠል ጠቅልሎ የዱር ቦዬ ይዞ የመጣ ልጅ ከክፍሉ ጀርባ ተደብቆ ሲበላ አገኘሁት። ለምን እንደተደበቀ ስጠይቀው «በሥዕሉ ላይ የለም» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በማግሥቱ ከተማሪዎቹ ጋር የራሳችንን ሥዕል መሥራት ጀመርን። እያንዳንዱ ከቤቱ ጠይቆ፣ ምግቡን በአካባቢው ስም፣ የሚገኝበትን ወርና አዘገጃጀቱን ጽፎ አመጣ። አያቶች የሚያውቁትን ሊነግሩ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ዝርዝሩ ዛሬ ስልሳ ሦስት ደርሷል፤ ከፖስተሩ አጠገብ ተለጥፏል።

ኑሮው ሁሉ ማር ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ከዛፍ ወድቆ የሞተ ማር ቆራጭ ቀብሬአለሁ። ወላድ ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ሌሊቱን ሙሉ የተጓዝንባቸው ክረምቶች ነበሩ። ጨው፣ ሳሙናና መድኃኒት ከጫካ አይለቀሙም፤ ነጋዴው ማሩን የሚገዛበት ዋጋ ከተማ ከሚሸጥበት ጋር ሲነጻጸር ያሳዝናል። የጫካው ምግብ ብቻውን ቤተሰብ አይመግብም፤ ዋናው ቀለብ እንሰትና በቆሎ ነው። መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትክክለኛ ዋጋ እንፈልጋለን፤ ለእነዚህ የሚጮህ ጋዜጣ እናመሰግናለን። የምንለው፣ የጎደለንን ስትጽፉ ያለንን የጉድለቱ ማስረጃ አታድርጉብን ነው። በአንዳንድ ዓመት ምርት ጠፍቶ ሰው ከወትሮው አብልጦ ወደ ጫካ የሚገባበት ጊዜ መኖሩንም አልክድም፤ ያ ሲሆን የሚበላው ዓይነት፣ የሚለቀምበት ወርና የሚሄዱበት ርቀት ከወትሮው ይለያል፤ የአካባቢውን ሰው የጠየቀ ሁሉ ልዩነቱን በአንድ ቀን ይረዳዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁ ስለ ጫካ ምግብ ሲጽፍ ሰው ወዶ የሚበላውንና ተቸግሮ የሚበላውን ለይቶ ይጻፍ፤ ለመለየትም ዘጋቢው የበላውን ሰው ይጠይቅ። መጠይቅ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች፣ የዱር ምግብ በልታችኋል ወይ ከሚለው ጥያቄ ቀጥለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ተጨማሪ መስመር ይጨምሩ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ መልሱ ግን ስለ ዞኑ የሚጻፈውን ሁሉ ይለውጣል። መሬት ለልማት ሲታሰብም ለባለ ኮቦዎች የሚቀርበው የንብረት ቆጠራ ላይ ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች፣ የኮረሪማውና የጥምዙ ቦታ፣ ሴቶች እንጉዳይና ቅጠል የሚለቅሙበት ጥላ ይካተት።

ዘጋቢ ልትልኩ ብትፈልጉ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ጊዜ ቢመጣ መልካም ነው። መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ቦቲ ጫማ ይዞ ይምጣ። ማደሪያው እኔ ቤት ነው፤ ማሩን የሚያቀርቡለት ግን በዚያ መዝገብ የተራቡ የተባሉት ጎረቤቴ ናቸው፤ ነግሬአቸው፣ የጌተሙ ቀፎ ሲወርድ ከመጀመሪያው ቅርጫት ድርሻውን እንደሚያስቀምጡለት ቃል ገብተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የገጠር መምህር
ከአንድራቻ ወረዳ፣ ሸካ ዞን